የስለት ሰርቨር

ነፃ ነገር የሰውን ገመና ያወጣል። የከፈለበትን ዕቃ በሁለት እጁ አቅፎ የሚሄድ ሰው፣ በነፃ የሰጡት ላይ ይተፋበታል፣ ይጸዳዳበታል፣ ከዚያ ደግሞ «ለምን ሸተተ?» ብሎ ደውሎ ይሳደባል። ኧረ ቱፍ! ሰባት ዓመት ሙሉ ስድቡን ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የሚደወልበት ስልክ የኔ ሱቅ ስልክ ነዋ።

ይመኙሻል እባላለሁ። ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት፣ ፎቶ ኮፒም የማነሣበት ሱቅ አለኝ። ስድቡ የሚመጣው ግን ለኔ ሳይሆን ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ ነበር። በስምንት ዓመት ያንሰኛል። እናታችን ስትሞት ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም የሚኖረው እኔው ጋ ነው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሺያን ነው። ቀጭን ነው፣ ሲናገር አይሰማም፣ ወንበር ቢያደናቅፈው ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። «እምቢ» የምትለዋን ቃል ማን እንደነፈገው እንጃ።

ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ለማያውቅ እኔ እንደገባኝ ልንገረው። ድረ ገጽ ቤት ነው እንበል፤ ቤት ደግሞ መሬት ይፈልጋል። መሬቱ ሰርቨር የሚሉት፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። ይህን መሬት በየወሩ የሚያከራዩ ድርጅቶች ሞልተዋል። ወንድሜ ግን በነፃ ይሰጣል። ትምህርት ቤት በለው፣ ዕድር በለው፣ የአሊዩ አምባ የመስጊድ ኮሚቴ በለው፣ ግጥም የሚሞካክር ሰው በለው፣ «ቦታ ስጠኝ» ካለው ይሰጠዋል። በየገጹ ግርጌ «ቦታውን የሰጠው፦ የስለት ሰርቨር፣ ደብረ ብርሃን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የተቸገረ ሰው እንዲደውል ብሎ የራሱን ስምና የሱቄን ስልክ ቁጥር ጨምሮበታል።

ይህን ያደረገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ተስሎ ነው። ሠላሳ ዓመት እንደሞላው ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ሁለት ወር ተኛ። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጡት፤ እኔ ደግሞ አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ወዳለችው፣ አባታችን መሪጌታ ገብረአብ ዕድሜ ልካቸውን ወዳገለገሉባት የአቦ ቤተክርስቲያን ወስጄ ጸበል አስጠመቅኩት። የትኛው እንዳዳነው እኔ አላውቅም፤ እሱ ግን ያውቃል። መጋቢት አምስት፣ የአቦ ንግሥ ዕለት፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንቀጠቀጠ ተሳለ። «አቦዬ፣ ከዚህ ካነሣኸኝ የማውቀውን ሥራ ሰባት ዓመት ለሰው በነፃ እሰጣለሁ። አንዲት ሳንቲም አይነካካውም» አለ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል። የኔ ወንድም ሰርቨር ተሳለ!

እንግዲህ ሰባቱን ዓመት መጨረስ ነበረበት። ለሱ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ቢጎድል ወይም አንዲት ሳንቲም ቢገባበት፣ «ስለቱ አልገባም ማለት ነው፤ አቦን ዋሸሁ ማለት ነው» ይላል። አንድ ነጋዴ ገጾቹ ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍና ወር ወር ልክፈልህ ቢለው እያመሰገነ መልሶ ሰደደው። እኔ ቆሜ እያየሁ ድብን አልኩ።

መጀመሪያ ሰርቨሩ የተቀመጠው እኔ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ኮሌጁ ያረጁ ኮምፒውተሮች በጨረታ ሲሸጥ ሁለት ገዛና ወረቀት የማከማችበት ቦታ ላይ ደረደራቸው። ሲያጓሩ ይውላሉ። «የደብረ ብርሃን ብርድ ይስማማቸዋል፤ አይግሉም» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ብርዱስ ተስማማቸው፤ መብራቱ ነው እንጂ የማይስማማው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው አርባ ደቂቃ ይዞ ይተኛል፤ ባትሪው በተኛ በአምስተኛው ደቂቃ ስልኬ ይጮሃል። «ገጻችን ጠፋ! ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» ይሉኛል። መብራት ጠፍቶ ነው ስላቸው «ታዲያ ጄኔሬተር አትገዙም?» ብለው ይቆጡኛል። በነፃ እየተቀመጡ ጄኔሬተር!

መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የኢንተርኔቱ መስመር ይታነቃል። ዐሥር ሰው አንድ ላይ ከከፈተ ዐሥራ አንደኛው ደጅ ይጠናል። ያም ሆኖ አንዱ ሙሽራ የሠርጉን ፎቶ ከነድግግሞሹ ስምንት መቶ ጭኖ፣ የኮምፒውተሩን ሆድ ሞልቶት ሌላው ሰው አንዲት መስመር መጻፍ አቃተው። ወልደተንሣኤ ደውሎ «ወንድሜ፣ ትንሽ ብትቀንስልን» ብሎ ቢለምነው፣ «ታዲያ ነፃ ነው ብለህ ማታለል ለምን አስፈለገህ?» አለው። በሰማሁ ጊዜ ስልኩን ተቀብዬ የሠርጉን ቀን ልረግምለት ነበር፤ ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

በሦስተኛው ዓመት አንደኛው ኮምፒውተር ተቃጠለና የሰው ጽሑፍ አብሮ ጠፋ። ግማሹን ሌላ ቦታ ገልብጦ አስቀምጦት ነበር፤ ግማሹ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ከውጭ አገር ሰርቨር ተከራየ። ኪራዩ በወር አርባ ዶላር ነው። የኛ ሰው ደግሞ ዶላር ከየት ያመጣል? አዲስ አበባ ካሳሁን የሚባል፣ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ተገኘ። ወንድሜ ብሩን በኔ በኩል ይልክለታል፤ ካሳሁን ትርፉን ቆርጦ በካርዱ ይከፍልለታል። በየወሩ የደመወዙን ሲሶ ያህል ይበላ ነበር። እሱ ግን መብራት የማይጠፋበት ሰርቨር አገኘሁ ብሎ ልጅ የተወለደለት ያህል ፈነደቀ።

መብራቱ ተቃለለ፤ ሰው ግን አልተቃለለም። ነፃ መሬት መኖሩ በተሰማ ጊዜ ዓይነት ዓይነቱ ቆሻሻ መጣ። የቁማር ገጽ መጣ። ራቁት ሴት መጣ። «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል መጣ። ባንክ መስሎ የሰውን የምስጢር ቁጥር የሚለቅም መጣ። እኔን የቀፈፈኝ ግን አንድ የሕፃን ፎቶ ነው። አፍንጫው ላይ ቱቦ የተሰካ ሕፃን ነው፤ «ለሕክምና እርዱኝ» ይላል። በሦስት ገጽ ላይ በሦስት ስም፣ በሦስት የባንክ ቁጥር ተለጥፏል። ያ ሕፃን የማን እንደሆነ፣ ይሙት ይዳን የሚያውቅ የለም። ፎቶውን የለጠፈው እጅ ምሳውን በዚያው እጅ ይበላል እኮ! ሳየው ምራቄ መረረኝ።

ወልደተንሣኤ ጠዋት ያጠፋል፤ ከሰዓት በሌላ ስም ይመለሳሉ። ሰፈሩ የሌባ ሰፈር ነው ስለተባለ የደህናውም ሰው ቤት አብሮ ተጠረጠረ። ከኛ ሰርቨር የሚላክ የኢሜይል ደብዳቤ ሁሉ ሳይነበብ ይጣል ጀመር። የጣርማ በር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወለተ ሥላሴ አንድ ቀን ደውላ አለቀሰችብኝ። የትምህርት ቤቱን ገጽ ለወላጆች ላሳይ ብላ ብትከፍት፣ በቀይ ተጽፎ «ይህ ገጽ አደገኛ ነው» የሚል ወጣባት። «በወላጅ ፊት አሳፈራችሁኝ እኮ!» አለችኝ።

«መታወቂያ ጠይቅ፤ ማንነቱን ሳታውቅ ቦታ አትስጥ» አልኩት ወንድሜን።

«እታለም፣ ስለት ላይ ዘበኛ ይቆማል እንዴ? አባባ ተማሪ ሲመጣባቸው የማን ልጅ ነህ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?»

«አባባ ያስተማሩት ዜማ ነው! በዜማ ማን ይሰርቃል?»

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በመጨረሻ መሃል ላይ ተገናኘን። መታወቂያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቦታ የሚፈልግ ሰው በአካል እኔ ሱቅ መጥቶ ኮድ ይወስዳል። ያለዚያ ኮድ ማንም አይገባም። እኔ ፊቱን አያለሁ፣ ስሙን ከኮዱ ቁጥር ጋር ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ኮዱን በትንሽ ወረቀት እሰጠዋለሁ። «ፊቱን ያየሽውን ብቻ ስጪ። የሚያፍር ሰው ፊቱን አሳይቶ አይሰርቅም» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ የመሪጌታ ልጅ ብቻ ነው። የሚገርመው ግን ሠራ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሰፈሩ ጸዳ፤ የወለተ ሥላሴም ገጽ ቀዩ ተነሣለት።

እስከዚህ ድረስ ሰውን ስጸየፍ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ጉድ ነው።

በአንዱ ሐምሌ የዶላር ዋጋ ተለቀቀ። አርባው ዶላር እዚያው አርባ ሆኖ በብር ግን በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይህን ከየት ይችላል? ወልደተንሣኤ ምሳ መብላት አቆመ። «ጾም ነው» ይለኛል፤ ጾም ያልሆነበትንም ቀን ይጾማል። ያ ሳንባው ደግሞ ብርድ ሲነካው ያስላል። ሲያስል በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ አረረ።

በዚያው ሰሞን ኮድ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ሁለት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ «ለሻይ» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ለመናገር አልሮጥኩም፤ አልመለስኩለትም። በማግስቱ ለመጣው እኔው ራሴ «ሁለት መቶ ነው» አልኩት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ! ሰውዬው ዓይኑን እንኳ ሳያሽ ከፈለ። በወሩ ሦስት መቶ አልኩ፤ ቆይቼ አምስት መቶ።

ለወንድሜ «ካሳሁን ትርፉን ትቶልሃል፤ ኪራዩም ቀንሷል አለኝ» አልኩት። ብሩን የምልከው እኔ ስለሆንኩ የጎደለውን ከኮዱ ገንዘብ ሞልቼ እልካለሁ። «አየሽ፣ አቦ ሲረዳ!» ብሎ ምሳውን መብላት ጀመረ። አቦ! አቦ ከኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው ብር የሚቆጥሩ ይመስል! ለወንድሜ ብዬ ነው እያልኩ ነበር ለራሴ የምነግራት። ነገር ግን ከተረፈው ለሱቄ አዲስ የመስታወት ሣጥን አሠራሁ። ሣጥኑን ወንድሜ አልተሳለውም፤ እኔ ነኝ የፈለግኩት።

አንድ ቀን ሽቶው ቀድሞት የገባ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ መጣ። «እናት፣ ዐሥር ኮድ እፈልጋለሁ» አለኝ። ዐሥር ቤት ለምን እንደፈለገ አልጠየቅኩም። አምስት ሺህ ብር ቆጥሮ አስቀመጠ። ስሙን ስጠይቀው ሳቀና «የፈለግሽውን ጻፊ» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ጻፍኩ መሰላችሁ? የዕድራችን መዝገብ አጠገቤ ነበር። ከሙታኖቹ ዝርዝር ዐሥር ስም ገለበጥኩ። ነፍስ ይማር የተባለላቸውን ሰዎች!

ስለቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሴት ሱቄ በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች፤ ጫማዋ ላይ የመንገድ አቧራ አለ። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ሸዋዬ እንደምትባል፣ ከጫጫ እንደመጣች ኋላ ነው የነገረችን። ወንድሜ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ወልደተንሣኤ የሚባለው አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ፣ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«በሬዎቼን መልስልኝ!»

ወንድሜ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው፤ እኔም በትከሻው ላይ አየሁት። ከኛ ሰርቨር ላይ የታተመ ገጽ ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ እናስገባለን፣ ለቪዛና ለትኬት መቶ ሃያ ሺህ ብር አስገቡ ይላል። ሴትዮዋ ልጇን ቤተልሔምን ለመላክ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቿን ሸጣ ገንዘቡን አስገብታለች። ከዚያ በኋላ ስልካቸው ጠፋ። ገጹ ላይ የቀረው ስምና ስልክ ግርጌ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የወንድሜ ስም፣ የኔ ሱቅ ስልክ። ሰው አንብቦላት መጣች።

ወልደተንሣኤ ነገሩን ሊያስረዳት ሞከረ። እሱ መሬቱን ብቻ እንደሰጠ፣ ቤቱን የሠራው ሌላ ሰው እንደሆነ ነገራት። ሸዋዬ አየችውና «መሬቱን ለሌባ የሰጠ ታዲያ ማን ነው?» አለች። በዚያ ብርድ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ውኃ ባቀርብላት እጄን ገፋችውና «ከዚህ ቤት ውኃ አልጠጣም» አለች። እኔ የምጸየፈውን ሰው ሁሉ በስም እየጠራሁ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እኔን ግን በዚያ ዓይን ያየኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ወንድሜ ጓዳ ገብቶ የገጹን የኮድ ቁጥር ፈለገና ደብተሬን ገለጠ። «ገብረ ሕይወት ይላል» አለ። «እታለም፣ ይህ ስም የአባባ ጓደኛ ስም አይደለም? የሞቱት?»

«ሌላ ገብረ ሕይወት ነው» አልኩት።

«መልኩን ታስታውሺያለሽ?»

የሽቶው ሽታ እንኳ አፍንጫዬ ላይ ነበር። «አላስታውስም፤ ስንቱ መጥቶ ሄደ መሰለህ?» አልኩ። አመነኝ። እኔን አምኖ ሴትዮዋን ይዞ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ቃሉን ሰጠ፣ የሞተ ሰው ስም አስመዘገበ፣ ተመለሰ። ከዚያም ለሸዋዬ «በስሜ ነው የተዘረፉት። ስለቴ በመጋቢት ያልቃል፤ ለሰርቨር የማወጣውን ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ ለእርስዎ እልካለሁ» አላት። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስልቶት ይሁን አላውቅም። ሸዋዬ ወረቀቷን ተቀብላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሰርቨሩን የሚያከራየው የውጭ ድርጅት ደብዳቤ ላከ። ቦታህ ላይ አጭበርባሪዎች እንዳሉ አቤቱታ ደርሶናል፤ በሦስት ቀን ካላጸዳህ እንዘጋዋለን ይላል። ወንድሜ ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እታለም፣ አምስት ሳምንት ሲቀረኝ?» አለኝ። እንደ ሕፃን ነበር የሚያየኝ። ከኮሌጁ ፈቃድ ወሰደና ሦስቱን ቀን ሱቄ ተቀምጦ በየገጹ ላይ ባለው ስልክ ሁሉ ደወለ። ገጾቹ ከስድስት መቶ በላይ ነበሩ። ያላነሣውን፣ ያልታወቀውን፣ «ምን አገባህ?» ያለውን ሁሉ አጠፋ። አርባ አንድ ብቻ ቀሩ። ከጠፉት አንዱ፣ የቁማር ገጽ ባለቤት፣ ደውሎ በእናቴ ሰደበኝ፤ «አምስት መቶ ብሬን መልሺ!» ሲለኝ ወንድሜ አጠገቤ ስለነበር ስልኩን በጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ሰርቨሩ ተረፈ። መጋቢት አምስት ደረሰ።

ሌሊቱን ተነሥተን አንኮበር ወረድን። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ቁልቁለቱን ሞልቶታል። ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም በድምፅ ማጉያ ስለት ይነገር ጀመር። እገሌ ጃንጥላ፣ እገሊት መጋረጃ፣ ልጅ ያገኘችው ወርቅ። በየስሙ እልልታ ይቀልጣል። ከዚያ የሰበካ ጉባኤው ሰው ወረቀት አነበበ፦ «የመሪጌታ ገብረአብ ልጅ ወልደተንሣኤ ከሕመሙ ተነሥቶ በተሳለው መሠረት ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል ሕዝብን በእውቀቱ አገልግሏል፤ እልል በሉ!»

እልል አሉ። አባታችንን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዞረው አዩት። ወንድሜ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «እኅቱ አይደለሽ እንዴ? እልል በይለት እንጂ!» አለችኝ። እልል አልኩ። ድምፄ እንዲያውም ከሁሉም ጎልቶ ወጣ። ከራሴ አፍ የወጣው ነገር እንደዚያ ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊቱ በርቷል። ሰባት ዓመት ተሸክሞት የኖረውን አውርዷል። አቀበቱን ስንጀምር ወደኔ ዘንበል አለና «እታለም፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ። አቦ ከተቀበለኝ ለሸዋዬም እየከፈልኩ ሌላ ሰባት ዓመት ልሳል። ኮዱን መቼም አንቺው ታድይልኛለሽ» አለኝ።

«ተው!» አልኩት። ጮኼ ኖሯል፤ ፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ። «ተው፣ አትሳል። ስለትህ አልገባም። ኮዱን ሸጬዋለሁ።»

መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርኩት፤ የካሳሁንን ውሸት፣ የመስታወቱን ሣጥን፣ የሙታኑን ስም፣ የጥቁር ጃኬቱን ሰውዬ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ አፌ አልዘጋ አለኝ። ወንድሜ መስኮቱን እያየ ሰማኝ። ስጨርስ ወደኔ ዞረ።

«ያ ሰውዬ ለዐሥሩ ስንት ከፈለሽ?» አለኝ።

«አምስት ሺህ።»

«የሸዋዬ በሬዎች የተሸጡት በአምስት መቶ ብር ነው ማለት ነው» አለ። ድምፁ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ።

ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ «ወራጅ አለ!» አለ። ረዳቱ ዞሮ «እዚህ ምንም የለም እኮ፤ መንገድ መሃል ነው» አለው። ወንድሜ ግን በሩን ያዘ። መኪናው ቆመ።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«በሕዝብ ፊት እልል ተብሎልኛል። ሰው ሳይበተን ልድረስና ላስተካክል።»

ወረደ። ጋቢውን አጥብቆ ቁልቁል ወደ አንኮበር ይራመድ ጀመር፤ እያሳለ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እንኳ አልጠየቀም። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ወደኔ አየና «አንቺስ እናት፣ አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

«አይደለንም» አልኩት። በሩን ዘጋው።